«አባታችን ሆይ»ን ይደግማሉ፣ «ውሃ» ማለት ግን አቃታቸው

ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ባጭሩ እንዲህ ነው ያልሽው። አባትሽ 64 ዓመታቸው ነው። ከአራት ወር በፊት አንድ ጠዋት ከአልጋ ሲነሱ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አለ፣ አፋቸው ተጣመመ፣ ንግግራቸው ጠፋ። ሲቲ ስካን ተነስተው «በግራ አንጎል በኩል የደም ቧንቧ ተዘግቷል፣ ስትሮክ ነው» ተባላችሁ። አሁን እግራቸው ተሽሏቸው በከዘራ ይራመዳሉ። እጃቸው ግን እንደተንጠለጠለ ቀርቷል። የሚባሉትን ይሰማሉ፣ ይገባቸዋልም። «ውሃ» ብለው መጠየቅ ግን አይችሉም። ወረቀትና እስክሪብቶ ብትሰጫቸውም አልሆነም። ጠዋት ጠዋት ግን «አባታችን ሆይ»ን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይደግማሉ። «እንደምን አደሩ» ሲባሉም «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። በትንሽ በትልቁ ያለቅሳሉ። ወንድምሽ «ሲፈልግ ይናገራል፣ ሆን ብሎ ነው» ይላል። ጎረቤት «ጥላ ወጊ ነው» ይላል። አንቺ ደግሞ «አእምሮው ሄዷል ማለት ነው? ለመሆኑ የታመመው ቀኝ ጎኑ ሆኖ ሳለ ግራ አንጎል ምን አገባው?» ብለሻል።

የነርቭ ሐኪም ነኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዘው የሚመጡ ልጆች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ። አባትሽ አሉ። አእምሯቸው አልሄደም። ዝም የሚሉትም ሆን ብለው አይደለም። የጻፍሽልኝ ነገር ሁሉ፣ ጸሎቱም፣ እጁም፣ እግሩም፣ ከአንድ የደም ቧንቧ መዘጋት ጋር ልክክ ብሎ ይገጥማል። የሲቲ ስካኑን ፊልም በዓይኔ አላየሁትም፣ የሚከታተሏቸውን ሐኪም ቦታም አልወስድም። ግን ምልክቶቹን አንድ በአንድ ስለጻፍሽልኝ ነገሩ ከየት እንደመጣ ላሳይሽ እችላለሁ።

በአማርኛ አንጎል እና አእምሮ የሚሉ ሁለት ቃላት አሉን። መልካም ነው፣ ሁለቱ አንድ አይደሉምና። አንጎል ሥጋ ነው፤ ይመዘናል፣ ይዳሰሳል። አእምሮ ሰው የሚያስብበት፣ የሚያውቅበት፣ የሚወድበት ነው። አእምሮ ያለ አንጎል አይሠራም። ነገር ግን አንጎል አንድ ቦታ ላይ ስለተጎዳ አእምሮ በሙሉ ይጠፋል ማለት አይደለም። አንጎል ውስጥ ሥራው በየሰፈሩ ተከፋፍሏል።

የሕክምና ተማሪ ሆኜ መጀመሪያ አንጎል የያዝኩበትን ቀን አልረሳውም። ሁለት እጄን ጎን ለጎን ዘርግቼ ነበር የተቀበልኩት። ፎርማሊን ውስጥ የቆየ ስለነበር ጠንከር ብሏል። በሕይወት ያለ ሰው አንጎል ግን ገና እንደረጋ እርጎ ለስላሳ ነው። ለዚህ ነው በሦስት ሽፋን ተጠቅልሎ፣ በራስ ቅል ታሽጎ፣ ውሃ በመሰለ ፈሳሽ ውስጥ የሚኖረው። የአዋቂ ሰው አንጎል ከ1.3 እስከ 1.4 ኪሎ ይመዝናል። ፈሳሹ ውስጥ ሲንሳፈፍ ግን ክብደቱ ወደ 50 ግራም ይወርዳል። ባይንሳፈፍ ኖሮ የራሱ ክብደት ሥሩን ይጨፈልቀው ነበር።

ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ከምንተነፍሰው ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን የሚወስደው እሱ ነው። ጡንቻ የራሱ ስንቅ አለው። ጉበትም እንዲሁ። አንጎል ግን ጎተራ የለውም ማለት ይቻላል። የሚኖረው በየደቂቃው በሚደርሰው ደም ነው። ልብ ቀጥ ብትል ሰው አሥር ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ራሱን ይስታል። ትልቅ የደም ቧንቧ ሲዘጋም በአማካይ በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን የሚሆኑ የነርቭ ሴሎች እንደሚሞቱ ተሰልቷል። የአባትሽ እጅ አንድ ሌሊት ውስጥ የከዳቸው በዚህ ምክንያት ነው።

አንጎል በጥቅሉ ሦስት ክፍል አለው። ከሥር የአንጎል ግንድ አለ፤ አውራ ጣት የሚያህል ሆኖ መተንፈስን፣ የልብ ምትን፣ መዋጥን፣ መንቃትን ይመራል። ከኋላ፣ ከማጅራት በላይ፣ ትንሹ አንጎል አለ። ሚዛንና ቅልጥፍና የእሱ ሥራ ነው። ጠጅ የበዛበት ሰው የሚንገዳገደውና ምላሱ የሚተሳሰረው አልኮል እዚህ ክፍል ላይ ስለሚበረታ ነው። ትንሹ ይባል እንጂ አንጎል ውስጥ ካሉት 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሴሎች 69 ቢሊዮን ያህሉ የሚገኙት እሱ ውስጥ ነው። ቀሪው፣ ከላይ ሁሉን ሸፍኖ የሚታየው የተሸበሸበው ክፍል፣ ትልቁ አንጎል ነው። ግራና ቀኝ ተብሎ በሁለት ይከፈላል። የአባትሽ ነገር የሆነው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄሽ። እጅሽን ማጅራትሽ ላይ አድርጊ፣ የራስ ቅል አልቆ አንገት የሚጀምርበት ጋ። ከዚያ ውስጥ፣ የአንጎል ግንድ ከህብለ ሰረሰር ጋር ሊገናኝ ሲል፣ ከትልቁ አንጎል የሚወርዱት የትእዛዝ መስመሮች ይሻገራሉ። ከግራ የመጣው ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ የመጣው ወደ ግራ ይሄዳል። ከ75 እስከ 90 በመቶ የሚሆኑት መስመሮች እዚያች ቦታ ላይ ይሻገራሉ። ስለዚህ ቀኝ እጅን የሚያዘው ግራ አንጎል ነው። የአባትሽ እጅ ራሱ አልታመመም። አጥንቱም፣ ጡንቻውም፣ ነርቩም ደህና ነው። ትእዛዝ የሚልክለት ጠፋ እንጂ። ቅቤ ብትቀቢው፣ ብታሺው መልካም ነው፣ መገጣጠሚያው እንዳይደርቅ ይረዳል። የጉዳቱ ቦታ ግን ግራ ራሳቸው ውስጥ ነው።

እግራቸው ተሽሎ እጃቸው ለምን ቀረ? የመስኖ ቦይ አስቢ። ዋናው ውሃ በየቦዩ ይከፋፈላል፣ እያንዳንዱ ቦይ የራሱን ማሳ ያጠጣል። አንጎልም በእያንዳንዱ ጎን ሦስት ትልልቅ ቦዮች አሉት፤ የፊተኛው፣ የመሃለኛው እና የኋለኛው የደም ቧንቧ። አሁን በጣትሽ ከግራ ጆሮሽ ተነስተሽ በአናትሽ ላይ እስከ መሃል መስመር አስምሪ፣ የፀጉር ማስያዣ በሚያርፍበት በኩል። በዚያ መስመር ሥር ሰውነትን የሚያንቀሳቅሰው ክፍል አለ። አቀማመጡ ተዘቅዝቆ ነው። የእግር ቦታ አናት ላይ፣ የእጅ ጎን ላይ፣ የፊትና የምላስ ደግሞ ከታች፣ ወደ ጆሮ ቀረብ ብሎ። የእጅና የፊት ቦታ ከሌላው በጣም ይሰፋል፤ መርፌ የሚያስገባ ጣትና ቃል የሚቀርጽ ምላስ ብዙ አዛዥ ይፈልጋሉ። እጅና ፊትን የሚያጠጣው መሃለኛው ቧንቧ ነው። የእግሩን ቦታ የሚያጠጣው ግን ፊተኛው ነው። የአባትሽ የተዘጋባቸው መሃለኛው ይመስላል። እግራቸው ቀድሞ የዳነው፣ ቦዩ ሌላ ስለሆነ ነው።

ይኸው መሃለኛው ቧንቧ በግራ በኩል አንድ ሌላ ማሳ አለው። ቋንቋ።

ቀኝ እጃቸውን ከሚጠቀሙ ሰዎች 95 በመቶ ያህሉ ቋንቋቸው በዋናነት ያለው ግራ አንጎል ውስጥ ነው። ከግራኞችም አብዛኞቹ እንዲሁ። ይህ የታወቀው ፓሪስ አጠገብ በሚገኘው የቢሴትር ሆስፒታል ነበር። ጊዜው 1861 ነው። ሌቦርኝ የሚባል ሕመምተኛ ለ21 ዓመት እዚያ ኖሯል። የሚባለው ይገባዋል፣ መናገር የሚችለው ግን «ታን» የምትል አንዲት ድምፅ ብቻ ነበር። ሰዉም ታን ብሎ ይጠራው ጀመር። ሲሞት ሐኪሙ ፖል ብሮካ አንጎሉን አየው። ጉዳቱ በግራ በኩል፣ ከፊት፣ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ከግራ ቅንድብ ጫፍ ወደ ኋላ በምትገኘው ቦታ። ቦታዋ እስከ ዛሬ በስሙ ትጠራለች። በ1874 ደግሞ ካርል ቬርኒከ ከግራ ጆሮ በላይና በስተኋላ ያለችውን ሌላ ቦታ ገለጸ። እሷ ስትጎዳ ሰውየው አፉ አይያዝም፣ እንደ ልብ ይናገራል፤ ንግግሩ ግን ትርጉም አይሰጥም፣ የሌላውንም አይረዳም። የአባትሽ ሁኔታ ወደ ታን ያደላል። ዛሬ የምናውቀው ቋንቋ በሁለት ቦታ ብቻ እንደማይወሰን፣ በመካከላቸው ያሉት መስመሮችም እኩል እንደሚያስፈልጉ ነው።

ወረቀቱ ያልሠራው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው «አፉ ቢያዝ በእጁ ይጽፋል» ብሎ ያስባል። የተጎዳው አፍ ቢሆን ኖሮ እውነት ነው፣ በግራ እጃቸው ይሞካክሩ ነበር። እዚህ ግን የተጎዳው ቃሉ የሚገኝበት ቦታ ነው። ቃሉ ካልተገኘ በምላስም በእጅም አይወጣም። ውሃ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። እንደጠማቸውም ያውቃሉ። «ውሃ» የምትለዋን ቃል ሄደው የሚያመጡበት መንገድ ነው የፈረሰው። ስሙ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ አልወጣ ያለሽ ጊዜ ትዝ ይልሻል? እሳቸው ቀኑን ሙሉ በሁሉም ቃል ላይ እንደዚያ ናቸው።

ታዲያ ጸሎቱስ? ወንድምሽን ያሳሳተው ይህ ነው። ሊሳሳትም ይችላል፣ እውነትም ግራ ያጋባል። ጠዋት «የዕለት እንጀራችንን ስጠን» ያሉ ሰው፣ እኩለ ቀን ላይ እንጀራው ፊታቸው ቀርቦ «እንጀራ» ማለት ያቅታቸዋል። ቃሉ ያው አንድ ቃል ነው። አንጎል ውስጥ የሚመጣበት መንገድ ግን ሁለት ነው። አንድን ነገር አስበሽ፣ ቃል መርጠሽ፣ ዓረፍተ ነገር አበጅተሽ ስትናገሪ የግራው የቋንቋ ሰፈር ይሠራል። በልጅነት በቃል የተጠና፣ ሺህ ጊዜ የተደገመ ነገር ግን እንደ አንድ ጥቅል ይቀመጣል። ሲወጣም እንደ ውሃ ተያይዞ ይወርዳል። ለእሱ ቀኝ አንጎልና ከሥር ያሉ የልማድ ክፍሎች ያግዛሉ። ጸሎት፣ መዝሙር፣ የሳምንቱ ቀናት፣ ቁጥር፣ ሰላምታ፣ እርግማን ከዚህ ወገን ናቸው። ሙስሊም ታካሚዎቼ ፋቲሓን እንዲሁ ሲቀሩ ሰምቻለሁ። ታን ራሱ ሲበሳጭ አንድ የእርግማን ሐረግ ያመልጠው ነበር። እናም «እግዚአብሔር ይመስገን» ማለታቸው፣ ሲፈልጉ ለመናገራቸው ማስረጃ አይሆንም። ያለ ፈቃዳቸው የሚመጣላቸው እሱ ነው። የሚፈልጉት አልመጣ ብሏቸዋል።

ይህን ያስተማሩኝ አንድ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ከስትሮክ በኋላ ቃል ጠፍቷቸው ነበር። «ልጆች ስንት አሉዎት?» አልኳቸው። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ምንም አልወጣም። ከዚያ ግራ እጃቸውን አንስተው አንድ አንድ ጣት እየዘረጉ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» አሉና አራት ላይ ቀጥ አሉ። ዓይኔን አዩኝ። አራት ልጆች አሏቸው። «አራት» የምትለውን ቃል ብቻዋን ማምጣት አልቻሉም። ቁጥሩ ግን በተራ ሲወርድ ተከትለውት ሄደው የፈለጓት ቦታ ላይ ቆሙ። እንዲህ ያለ ዘዴ የሚፈጥር ሰው አእምሮው ሄዷል ይባላል?

ትውስታቸውም አለ። አዲስ ነገር የሚመዘግበው ክፍል ሂፖካምፐስ ይባላል፣ በጆሮ ግንድ በኩል ወደ ውስጥ ጠልቆ ይገኛል። በዋናነት የሚያጠጣው የኋለኛው ቧንቧ ነው። ስለዚህ ትናንት ማን እንደመጣ፣ ማን እንደተቆጣቸው ያስታውሳሉ። እሳቸው በተቀመጡበት «ከእንግዲህ ምን ዋጋ አለው» ሲባልም ይሰማሉ። እባካችሁ ከፊታቸው እንዲህ አትበሉ።

ለቅሶውን በተመለከተ ሁለት ነገር መለየት አለብሽ። አንደኛው፣ ሐዘን ሳይኖር የሚገነፍል ለቅሶ ነው። ስሜትን የሚይዘው ልጓም ላልቶ፣ የልጅ ልጅ ሲስማቸው፣ መዝሙር ሲሰሙ ድንገት ይመጣል፤ ቶሎም ያልፋል። ሁለተኛው እውነተኛ ድብርት ነው። ምግብ መተው፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ጸሎቱንም ዝም ማለት። ከስትሮክ ከተረፉ ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል ድብርት ያገኘዋል። ሁለቱም መድኃኒት አላቸው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ለሐኪሙ ሳትጠየቂ አንሺው፤ ቤተሰብ ካልተናገረ ብዙ ጊዜ ይታለፋል።

ስለ ጥላ ወጊ የሚሉሽን ጎረቤቶች አትጣያቸው፣ በክፋት አይደለም። ድንገት የሚመታ ነገር ስለሆነ ሰው ምክንያት ይፈልግለታል። ጸበልም ከፈለጉ ይጠመቁ፣ መድኃኒቱ ብቻ እንዳይቋረጥ። እኔን የሚያስፈራኝ አፍ ሲጣመም «ምች ነው» ተብሎ የሚባክነው ሰዓት ነው። የረጋን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ሊሰጥ የሚችለው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፣ ያውም መድኃኒቱ ባለበት ቦታ፣ ሲቲ ስካን ደም አለመፍሰሱን ካረጋገጠ በኋላ። ፊት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ ወይም ንግግር ከተበላሸ ሰዓቱን አይታችሁ ወዲያው መሄድ ነው። አንድ ስትሮክ ያገኘው ሰው ሁለተኛ ሊያገኘው ይችላልና ይህን ቤት ያለ ሰው ሁሉ ይወቀው። ውሃም፣ ማርም፣ ስኳርም አፋቸው ውስጥ አትጨምሩ፤ መዋጥ ሊያቅታቸው ይችላል፣ ወደ ሳንባ ይገባል።

የደም ግፊት ክኒናቸውስ? ስለሱ ምንም አልጻፍሽም። ከስትሮክ ምክንያቶች ሁሉ ቀዳሚው ደም ግፊት ነው። ብዙ ሰው ራስ ምታቱ ሲተወው «ተሽሎኛል» ብሎ ያቆማል፣ ወይም በጾም ይተዋል። የሚወስዱበትን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር ለጾሙ ማመቻቸት ይቻላል፣ መተው ግን የለም። ልባቸውም መታየት አለበት። በተለይ በአገራችን በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሰበብ የተጎዳ የልብ በር በወጣቶችም ላይ ስትሮክ ያመጣል።

ከእሳቸው ጋር ስታወሩ አትጩሁ፣ ጆሯቸው ደህና ነው። ቴሌቪዥኑን ዝጉ። አንድ ሰው ብቻ ይናገር። «ምን ይምጣልዎ?» ከማለት ይልቅ «ውሃ ይምጣ?» በሉና በራስ ንቅናቄ ይመልሱ። ሁለት ነገር በእጅሽ ይዘሽ አሳዪያቸው፣ ይጠቁማሉ። ቃል ሲፈልጉ ታገሺ፤ በልብሽ አሥር ድረስ ቁጠሪ። አፋቸው ላይ ያለውን ቃል ቀድማችሁ አትንጠቁ። ልክ ያልሆነ ቃል ቢወጣቸው አትሳቁ፣ አታርሙ፤ የፈለጉትን ካወቅሽው ስጫቸው።

አራት ወር ገና ነው። ፈጣኑ መሻሻል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚታይ ቢሆንም ንግግር ከዚያ በኋላም ለዓመታት ሲሻሻል አይቻለሁ። የሞቱት ሴሎች አይመለሱም፤ በዙሪያው ያሉት ግን በልምምድ አዲስ መስመር ይዘረጋሉ። የንግግር ሕክምና ባለሙያ ማግኘት ከቻላችሁ ቅድሚያ ስጡት። በአገራችን በጣም ጥቂት ስለሆኑ ላታገኙም ትችላላችሁ። ስለዚህ ቤት ውስጥ የምትጀምሪውን አንድ ነገር ልስጥሽ።

ጸሎታቸውን አትንኪ፣ እሱ የእሳቸው ነው። ምሳ ሲቀርብ ግን ፊት ለፊታቸው ተቀመጪ፣ አፍሽን እንዲያዩት። እንጀራውን አሳዪያቸውና በጸሎቱ ዜማ፣ ቀስ ብለሽ «የዕለት...» በይና ቁሚ። ምናልባት «እንጀራችንን» ይሏታል። ካሉ ጉርሻውን ስጫቸው። ለሁለት ሳምንት እንዲህ አድርጊ። ከዚያ «የዕለት» ማለቱን ተዪውና «እን...» ብቻ በይ። ከዚያ እሱንም ተዪው፣ እንጀራውን ብቻ አሳዪያቸውና ጠብቂ። ያንኑ በሰላምታው፣ በሚወዱት መዝሙር፣ በቁጥሩም ሞክሪ። ወንድምሽንም አስቀምጪውና ተራ በተራ አድርጉት። አንድ ቃል በራሳቸው ፈቃድ የወጣች ቀን ጻፊልኝ፤ ቀጣዩን እነግርሻለሁ።